ራስን መቻል ምንድን ነው? ከችግር ይወለዳል ወይስ ከምቾት?

ስለ ራስን መቻል ወሬ ሲነሳ ሁልጊዜ ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው «ሰውን ሰው የሚያደርገው ችግር ነው» ይላል። ሀብታም ቤት ያደገ ልጅ ቅምጥል ነው፣ የጫማውን ክር እንኳን የሚያስርለት ሰው ይፈልጋል፣ ድሃ ቤት ያደገው ግን ከልጅነቱ ተፍ ተፍ ማለት ስለለመደ የትም ቢጥሉት አይወድቅም ባይ ነው። ሌላኛው ጎራ ይስቃል። «ድህነት ምን ያስተምራል? አንገት ያስደፋል እንጂ!» ይላል። የሞላለት ልጅ ሰው ፊት አይፈራም፣ ቢሳሳትም ሌላ ዕድል አለው፣ ስለዚህ ይደፍራል። ሁለቱም የሚያውቁትን ሰው እየጠሩ ይከራከራሉ። ምሳሌ ደግሞ አንዳቸውም አያጡም።

ክርክሩ የማያልቀው ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ገንዘብ ስለሆነ ይመስለኛል። ገንዘብ ራስን መቻልን በቀጥታ አይሠራውም፣ በቀጥታም አያፈርሰውም። መሃል ላይ ሌላ ነገር አለ። ድህነትም ሀብትም ያንን ነገር አንዳንዴ ያግዙታል፣ አንዳንዴ ያበላሹታል።

መጀመሪያ ግን ራስን መቻል ስንል ምን ማለታችን ነው? ብዙ ሰው «ማንንም አለመፈለግ» አድርጎ ይወስደዋል። እንደዛ ከሆነማ ምድር ላይ ራሱን የቻለ ሰው የለም። ሁሉም አንድ ቀን ይታመማል፣ ሁሉም አንድ ቀን የማያውቀው ነገር ይገጥመዋል። ራሱን የቻለ ሰው ውሳኔውን ራሱ ይወስናል፣ ውሳኔው ያመጣውን ጣጣም ራሱ ይሸከማል፣ አቅሙ ያለቀበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ሳያፍር «እዚህ ጋ አግዙኝ» ይላል። የመጨረሻዋን ብዙዎች ይዘሏታል። በኋላ እመለስባታለሁ።

ከዚህ ሁሉ ሥር አንድ እምነት አለ። «እኔ ብንቀሳቀስ ነገሩ ይለወጣል» የሚል። ጁሊያን ሮተር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎች በዚህ እምነት ምን ያህል እንደሚለያዩ በ1966 ጻፈ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። አንዳንዱ የሚደርስበትን ነገር ከራሱ ሥራ ጋር ያያይዘዋል። ሌላው ከዕድል ወይም ከኃይለኞች ፈቃድ ጋር። አብዛኞቻችን መሃል ላይ ወዲህና ወዲያ እንላለን።

ይሄ እምነት ከየት ይመጣል? እዚህ ጋ የምወደው ታሪክ አለ። በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በውሾች ላይ የተሠራ ሙከራ አሳተሙ። አንዳንዶቹ ውሾች የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲለቀቅባቸው ራሳቸው ማስቆም ይችሉ ነበር። ሌሎቹ ምንም ቢያደርጉ አይቆምላቸውም። ቀጥሎ ሁሉንም በቀላሉ ዘለው ማምለጥ የሚችሉበት ቦታ አስገቧቸው። ማስቆም የለመዱት ዘለው ወጡ። ከሌሎቹ ግን ብዙዎቹ ዝም ብለው ተቀበሉት። ያኔ የተሰጠው ማብራሪያ ውሾቹ «ምንም ባደርግ አይለወጥም» ማለትን ተምረዋል የሚል ነበር፣ ሐሳቡም በዓለም ተሰራጨ። ከዚያ ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆይተው፣ በ2016፣ እነዚያው ሁለት ሰዎች ነገሩን ገልብጠን ነበር ያየነው ብለው ጻፉ። በአንጎል ላይ የተሠራው ጥናት እንዳሳያቸው፣ ሥቃይ ሲረዝም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ማንም ሳያስተምረው የሚመጣ ነገር ነው። ትምህርት የሚፈልገው መቻሉ ነው።

ይሄን ይዘን ወደ ልጅነት ስንመጣ ጥያቄው ይቀየራል። «ቤቱ ምን ያህል ገንዘብ ነበረው?» ከማለት ይልቅ «ልጁ አንድ ነገር ሲያደርግ የሚለወጥ ነገር ነበር ወይ?» ማለት ይሻላል።

ለዚህ ከማውቃቸው ጥናቶች ጥርት ያለው የአሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ የግሌን ኤልደር ነው። በ1929 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት ከተሞች ላይ ተመራማሪዎች ለዓመታት የተከታተሏቸው ልጆች ነበሩ። የኦክላንዶቹ በ1920 እና 1921 የተወለዱ፣ የበርክሌዮቹ በ1928 እና 1929 የተወለዱ። ኤልደር በኋላ መዝገቡን አገላብጦ ገቢያቸው ከሲሶ በላይ የወደቀባቸውን ቤተሰቦች ልጆች ለይቶ አያቸው።

ትልልቆቹ፣ የኦክላንዶቹ፣ ቤቱ ሲቸገር ወደ ጉርምስና እየገቡ ነበር። ወንዶቹ ወጥተው ያገኙትን ሥራ ሠሩ፣ ሴቶቹ የቤቱን ሥራ ተረከቡ። ያመጧት ሳንቲም፣ የሠሯት ሥራ ቤት ውስጥ ትታያለች። እነዚህ ልጆች ቶሎ የበሰሉ፣ ኃላፊነት የማይከብዳቸው ሰዎች ሆኑ። ትንንሾቹ ግን፣ በተለይ ወንዶቹ፣ አባት ሥራ አጥቶ ሲቆዝም፣ ወላጆች በገንዘብ ሲጣሉ እያዩ አደጉ። ጭንቀቱ ይደርሳቸዋል፣ የሚያደርጉት ግን የለም። ጉርምስና ላይ ሲደርሱ በራስ መተማመናቸውም ተስፋቸውም ዝቅ ያለ ነበር። (ብዙዎቹ በኋላ ውትድርናና ትምህርት አግኝተው ተነስተዋል፣ ስለዚህ ታሪኩ እዚያ አላበቃም።)

ያው ችግር፣ ያው ዘመን፣ ሁለት ዓይነት ልጅ። አንደኛው ችግሩ ውስጥ የሚሠራው ነበረው፣ ሌላኛው ችግሩን ቁጭ ብሎ አየ። «ችግር ያጠነክራል» ባዮች ደግሞ ቶሎ እንዳያጨበጭቡ፣ ኤልደር ጥቅሙን ይበልጥ ያየው ቀድሞ መካከለኛ ኑሮ ከነበራቸው ቤቶች በወጡት ላይ ነው። ከመጀመሪያውም እጅ አጥሯቸው የነበሩት ያን ያህል አልተጠቀሙም።

ቋሚ ድህነት ሌላ ነገር ነው፣ ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ቤት ውስጥ ቃል ኪዳን ራሱ ዋጋው ይወድቃል። አባት «ደሞዝ ሲወጣ እገዛልሃለሁ» ይላል፣ ከልቡ ነው፣ ግን ደሞዙ ሳይደርስ ዕዳ ይበላዋል። ልጁ ይሄን አሥር ጊዜ ካየ ምን ይማራል? በ2013 ሴሌስት ኪድ የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ 28 ትንንሽ ልጆች ላይ አንድ የሚያምር ሙከራ ሠሩ። መጀመሪያ የተሻለ የሥዕል ዕቃ እናመጣላችኋለን አሏቸው። ለግማሾቹ አመጡ። ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ የለም» ብለው ተመለሱ። ከዚያ ያቺን የታወቀችውን የጣፋጭ ፈተና ሰጧቸው፣ አሁን አንድ ብላ፣ ከታገስክ ግን ሁለት ታገኛለህ የምትለዋን። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ጠበቁ። የተከዱት 3 ደቂቃ።

እንግዲህ እነዚያ የተከዱ ልጆች ትዕግሥት የላቸውም ሊባል ነው? የለም፣ ሒሳብ ነው የሠሩት። ነገ የማይታመን ከሆነ ዛሬ በእጅ ያለውን መያዝ ብልህነት ነው። ችግሩ ልጁ ሲያድግ ይመጣል። ኑሮው ተለውጦ ነገ የሚታመን ሲሆን እንኳን የድሮው ሒሳብ አብሮት ይሄዳል፣ ሰዎችም «ድሃ ስለነበረ ገንዘብ መያዝ አያውቅም» እያሉ ያሙታል።

ደግሞ ጭንቀት ራሱ ጭንቅላት ይበላል። ሌላ የ2013 ጥናት ሕንድ ውስጥ ታሚል ናዱ የሚኖሩ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ምርት ሳይሰበሰብና ከተሰበሰበ በኋላ ፈተናቸው። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። እጃቸው ባዶ በነበረ ጊዜ ግን ማሰብ በሚጠይቁት ፈተናዎች ያመጡት ውጤት ያነሰ ነበር። ይሄ ጥናት የሚመስጠኝ «ድሃ የሆነው ስለማያስብ ነው» ለሚሉ ሰዎች መልስ ስላለው ነው። ያስባል፣ ያውም ቀኑን ሙሉ። የሚያስበው ግን ስለ ዛሬ ማታ ነው።

አሁን ወደዚያች ወደዘለልናት እንመለስ፣ እርዳታ ወደ መጠየቅ። ድሃ ቤት ያደገ ሰው ጠንካራ ሲባል ብዙ ጊዜ የምናየው ጥንካሬ «ማንንም አላስቸግርም» የሚል ነው። ይሉኝታው ከባድ ነው። ቢታመም አይናገርም፣ ሥራ ላይ ያልገባውን አይጠይቅም፣ ቢጠይቅ ደካማ የሚባል ይመስለዋል። ይሄ ራስን መቻል ይመስላል፣ ግማሹ ግን ፍርሃት ነው። የሚጠየቅ ሰው ባልነበረበት ቤት ያደገ ልጅ አለመጠየቅን ቢለምድ ምን ይገርማል?

አኔት ላሮ የምትባል አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ተመራማሪ ቤተሰቦች ውስጥ እየገባች ያየችውን በ2003 አሳትማ ነበር። የመካከለኛ መደብ ወላጆች ልጃቸውን ሐኪም ቤት ሲወስዱ «ዶክተሩን የምትጠይቀውን ከአሁኑ አስብ» ዓይነት ነገር ያስተምራሉ። ልጁ ከትልቅ ሰው ጋር መነጋገር መብቱ እንደሆነ አውቆ ያድጋል። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤቶች ልጆች ግን ትልቅ ቦታ ሲደርሱ አንገት መድፋትን ከወላጆቻቸው ያያሉ። በሌላ በኩል ላሮ ያየችው ነገር ደግሞ አለ፣ እነዚህ ልጆች ጨዋታቸውን ራሳቸው ፈጥረው፣ ጠባቸውን ራሳቸው ታርቀው ይውላሉ፣ «ደበረኝ» ማለትም አያበዙም። የመካከለኞቹ ልጆች ቀኑ በፕሮግራም ተሞልቶ፣ ትንሽ ክፍተት ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ ይጨንቃቸዋል። ታዲያ የትኛው ነው ራሱን የቻለው? አንዱ ያለ ትልቅ ሰው መዋል ይችላል፣ ሌላው ትልቅን ሰው ማናገር ይችላል። ሲያድጉ ግን ደሞዝና ሥልጣን ያለበት ቦታ የሚከፍለው ለሁለተኛው ነው። ይሄ ያናድደኛል።

ወደ ሀብታሞቹ ስንመጣ ያን ያህል አልረዝምም። ሀብት ትልቁ የሚሰጠው ነገር ውድቀትን ማርከስ ነው። የሞላለት ልጅ ንግድ ጀምሮ ቢከስር ቤተሰብ ቤት ተመልሶ ይተኛል፣ ሌላ ዓመት እንደገና ይሞክራል። ከኋላው አይዞህ ባይ አለ። ድፍረቱ የውሸት አይደለም፣ ግን ድፍረቱን ከባሕርዩ ብቻ የመጣ አድርጎ ሲያወራ፣ «እኔ እኮ ከዜሮ ነው የተነሳሁት» ሲል፣ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። ሲወድቅ የሚያርፍበት ትራስ በጣም ሲወፍር ደግሞ ይጎዳል። ስህተቱን ሁሉ ወላጅ ስልክ ደውሎ የሚያስተካክልለት ልጅ፣ ልክ ንዝረቱን ማስቆም እንዳልቻሉት ውሾች፣ የሚያደርገው ነገር ለውጥ እንደሚያመጣ ሳይማር ይቀራል። እዚህ የሚቆምለት ሥቃይ የለም፣ ግን ቢሠራም ባይሠራም ውጤቱ ያው ነው።

ሱኒያ ሉታር የምትባል ተመራማሪ በ1990ዎቹ የሀብታም ሰፈር ወጣቶችን ያጠናችው ለማነጻጸሪያ ብላ ነበር፣ ዋናዎቹ ድሃ ሰፈር ያሉት ናቸው። ያገኘችው ግን ሌላ ሆነ። አደንዛዥ ነገሮችን መጠቀም የሀብታሞቹ ልጆች ጋ በዝቶ ተገኘ። ጭንቀትም ነበረባቸው። በኋላ ባደረገቻቸው ጥናቶች ሁለት ነገሮችን ደጋግማ ጠቅሳለች፣ የውጤት ጫናና ከወላጅ መራቅ። የደላው ልጅ ሁሉ ይጨነቃል ማለት አይደለም፣ ገንዘብ ብቻውን ግን አይዞህ ባይ አይሆንም።

በጣም የሚገርሙኝ ድሃ ቤት አድገው አሁን የሞላላቸው ወላጆች ናቸው። «እኔ ያየሁትን ልጄ አይይ» ብለው ሁሉን ነገር ይሰጣሉ። ልጁ አሥራ ስድስት ሲሞላው ደግሞ ይደነግጣሉ፣ ምንም አይነካም! ያኔ ሰው ሠራሽ ችግር ያመጣሉ። የኪስ ገንዘብ ይቆርጣሉ፣ «እኔ በአንተ ዕድሜ» የሚለውን ንግግር ይጀምራሉ። ልጅ ሞኝ አይደለም፣ የአባቱን ኪስ ያውቃል። የተቆረጠው ገንዘብ ቤቱን የሚያግዝ ሳይሆን እሱን የሚቀጣ መሆኑን ያውቃል፣ ስለዚህ ከዚያ የሚማረው መደራደር ነው።

የኦክላንድ ልጆች ያገኙት እንዲህ ያለውን አልነበረም። ባይሠሩት የሚጎድል ሥራ ነበራቸው። ይሄን ሀብታም ቤትም ማድረግ ይቻላል። ቅዳሜ ምሳ የሚሠራው ልጁ ከሆነ፣ ሲረሳ ሌላ ሰው ተነስቶ አይሸፍንለት፣ ቤተሰቡ አብሮት ትንሽ ይራብ። ደብተሩን ረስቶ ከሄደም ተከትሎ መሮጥ አያስፈልግም። ድሃ ቤት ደግሞ የሥራ እጥረት የለም፣ እዚያ የሚያስፈልገው መጠኑን ማወቅ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ታናሹን ለአንድ ሰዓት ይጠብቃል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ይኮራበታል። የቤት ኪራይ እንዴት ይከፈል ይሆን የሚለውን ግን ማታ ማታ አጠገቡ ማውራት ሌላ ነው፣ ምክንያቱም እሱ ላይ ሊያደርግ የሚችለው ነገር የለም።