የማውስ አያያዝና የማነጣጠር ብቃት በውድድር ጌሞች

የማውስ አያያዝ የሚባለው ተጫዋቹ መዳፉን፣ ጣቶቹንና የእጁን አንጓ በማውሱ ላይ የሚያሳርፍበት መንገድ ነው። በተኩስ ጌሞች ተጫዋቾች ዘንድ ሦስት ዓይነቶች ይታወቃሉ፦ እጅ ሙሉ በሙሉ የሚተኛበት የመዳፍ አያያዝ፣ የመዳፍ ግርጌ ብቻ የማውሱን ጀርባ ነክቶ ጣቶች እንደ ጭልፊት የሚቆለመሙበት የጥፍር አያያዝ፣ እንዲሁም መዳፍ ጨርሶ የማይነካበት የጣት ጫፍ አያያዝ። በተግባር ግን የብዙዎቹ ተጫዋቾች እጅ ቅይጥ ነው፤ «መዳፊት» የሚለው የአማርኛ ስም የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

አያያዝ ማነጣጠርን የሚነካው እንቅስቃሴው ከየትኛው መገጣጠሚያ እንደሚመነጭ ስለሚወስን ነው። በመዳፍ አያያዝ ጣቶች ስለሚታሰሩ ሥራው ወደ አንጓና ወደ ክንድ ያልፋል፤ የሚንቀሳቀስን ዒላማ በእርጋታ ለመከተል የሚመቸውም ለዚህ ይመስላል። በጣት ጫፍ ሲያዝ ጣቶች ማውሱን ወደ መዳፍ ስበው መልሰው ስለሚገፉት ሽቅብና ቁልቁል የሚደረጉ ጥቃቅን እርማቶች ይቀላሉ፤ ሆኖም የእጅ መንቀጥቀጥ ወዲያው በስክሪኑ ላይ ይታያል። የጥፍር አያያዝ የሁለቱን ጥቅም ያጣምራል ይባላል፣ በዚህ ግን ሁሉም አይስማማም።

ካውንተር ስትራይክ በተባለው የተኩስ ጌም ዲፒአዩን (ማውሱ በአንድ ኢንች የሚቆጥራቸውን ነጥቦች) 800፣ ሴንሲቲቪቲውን (ጌሙ የማውሱን እንቅስቃሴ የሚያባዛበትን ቁጥር) 1 ያደረገ ተጫዋች አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር ማውሱን 52 ሴንቲ ሜትር ያህል መግፋት አለበት። ይህን ርቀት ጣት ቀርቶ አንጓም አይሸፍነውም፤ ዋናውን መንገድ ክንድ ይሄደዋል፣ አያያዝ የሚለየው በመጨረሻዎቹ ሚሊ ሜትሮች ነው። ሴንሲቲቪቲው ከፍ ባለ መጠን የአያያዙም ድርሻ ያድጋል።

ማውስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዳግላስ ኤንገልባርት ቤተ ሙከራ ተወለደ። በ1997 ኩዌክ በተባለው የተኩስ ጌም ውድድር አሸንፎ የጌሙን ሠሪ የጆን ካርማክን ፌራሪ የወሰደው ዴኒስ ፎንግ፣ በጌም ስሙ ትሬሽ፣ በማውስ የመጫወትን ዘዴ ካስፋፉት አንዱ ነው።

ጉዳዩ በቁም ነገር የተያዘው ግን በካውንተር ስትራይክ ዘመን ነው። በ1999 ሃፍ ላይፍ የተባለ ሌላ ጌም ተቀጥላ ሆኖ የጀመረው ይህ ጌም አንዲት ጥይት ጭንቅላት ላይ ማሳረፍን ከሁሉ አስበልጦ ስለሚሸልም፣ ተጫዋቾቹ ስለ እጃቸው አቀማመጥ የማንንም ያህል ተጨንቀዋል። ስዊድናዊው ተጫዋች ኤሚል ክርስቴንሰን፣ በጌም ስሙ ሂተን፣ ከማውስ አምራቹ ዞዊ ጋር ሆኖ የኢሲ ማውሶችን ቅርጽ ቀረጸ። ኢሲ 1 ለትልቅ፣ ኢሲ 2 ለአነስተኛ እጅ የታሰቡ ሲሆኑ፣ ጀርባቸው ጎበጥ ብሎ መዳፍን ይሞላል፤ ዝቅ ያለውና ሁለቱም ጎኑ እኩል የሆነው ኤፍኬ ደግሞ ለጥፍርና ለጣት ጫፍ ይመቻል። አንድ ተጫዋች የተሳተፈበት ቅርጽ እስከ ዛሬ የሌሎች አምራቾች መለኪያ ሆኖ መቆየቱ የዚህ ጌም ማኅበረሰብ ሊኮራበት የሚገባ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ክብደት ነው። የሎጊቴክ ጂ ፕሮ ዋየርለስ በ2018 ሲወጣ 80 ግራም ነበር፤ በ2020 የተካው ሱፐርላይት ከ63 ግራም በታች ወረደ። ዝቅተኛ ሴንሲቲቪቲ የሚጠቀሙ ተጫዋቾች ማውሱን ደጋግመው አንስተው ስለሚመልሱ፣ ቅለቱ ማውሱን ጨብጦ መያዝን አላልቶላቸዋል።

አያያዝ የሚቀይር ሰው ቁጥሮቹን ሳይነካ ሴንሲቲቪቲው የተለወጠ የሚመስለውም በከንቱ አይደለም። እጅ በማውሱ ላይ ወደ ኋላ ሲሸሽ ሴንሰሩ (እንቅስቃሴውን የሚያነበው የማውሱ ክፍል) ከአንጓው ይርቃል፤ አንጓ በተመሳሳይ መጠን ቢዞርም ሴንሰሩ የሚያቋርጠው ቅስት ይረዝማል፣ በስክሪኑ ላይ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀልም ከዒላማው አልፎ ይሄዳል።