ቤዝ ሆርን ለምን ይገዝፋል?

ፒያሳ የሚኖር ጓደኛዬ «ለሳሎኔ ቤዝ ሆርን ላሠራ ነው» አለኝ። ቤዝ ሆርን ወፍራም ድምፅ (ቤዝ) የሚያወጣ ስፒከር ነው። ለጓደኛዬ የታየው ግን ሞንታርቦ፣ ያ ትልቁ የድግስ ስፒከር ነው። እሱ አይደለም። ሆርን እንደ ጡሩምባ ከጉሮሮው ጠቦ ወደ አፉ እየሰፋ የሚሄድ የድምፅ መተላለፊያ ነው። በትንሽ ዋት ብዙ ድምፅ ያወጣል።

ጣጣው አፉ ላይ ነው። የ40 ኸርዝ ድምፅ (በጣም ወፍራም ቤዝ) የሞገድ ርዝመቱ 8.6 ሜትር ገደማ ነው። በደንቡ የአፉ ዙሪያ ይህን ያህል መሆን አለበት፤ ዲያሜትሩ 2.7 ሜትር የሚጠጋ ክብ ማለት ነው። እንዲህ ያለ በር የፋሲል ግንብ ካልሆነ ማን ቤት አለ?

መፍትሔው ሆርኑን የክፍሉ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱ ግድግዳና ወለሉ የሆርኑ ቅጥያ ስለሚሆኑ፣ የሚያስፈልገው የአፉ የገጽ ስፋት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። አሜሪካዊው የስፒከር ሠሪ ፖል ክሊፕሽ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ተጠቀመ፤ መተላለፊያውንም አጣጠፈው።

የሳሎንህን ጥግ ቡፌ ከያዘው ግን ተራ የስፒከር ሳጥን ይሻልሃል።