በወተት ውስጥ የሚገኘው አፍላቶክሲን ኤም 1 ምንድን ነው?

አፍላቶክሲን ኤም 1 ላም በሻጋታ መርዝ የተበከለ መኖ ስትመገብ መርዙ በጉበቷ ውስጥ ተለውጦ በወተቷ በኩል የሚወጣበት መልክ ነው። መነሻው አፍላቶክሲን ቢ 1 ይባላል፤ እርጥበትና ሙቀት ባለበት ስፍራ በተከማቸ በቆሎ፣ ለውዝ ወይም ፋጉሎ ላይ የሚበቅሉ አስፐርጊለስ ፍላቨስን የመሰሉ ሻጋታዎች ያመነጩታል። ላሟ ከበላችው መርዝ ወደ ወተት የሚያልፈው በመቶኛ ጥቂት እጅ ብቻ ቢሆንም፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት አፍላቶክሲኖችን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ ስላስቀመጣቸው፣ ትንሽም ብትሆን ትለካለች። በተለይ ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር ብዙ ወተት ስለሚጠጡ ጉዳዩ ይበልጥ የሚመለከተው እነርሱን ነው።

በወተት መሰብሰቢያ ማዕከላት የተለመዱት ምርመራዎች ይህን መርዝ አያገኙትም። ላክቶሜትር ውሃ መጨመሩን ይጠቁማል፤ ወተቱ ከእኩል መጠን አልኮል ጋር ሲቀላቀል ከረጋ ደግሞ መኮምጠጥ መጀመሩ ይጠረጠራል። ወተትን ማፍላት የነቀርሳንና የብሩሴላን ተሕዋስያን ስለሚገድል ፈጽሞ ሊተው አይገባም፤ አፍላቶክሲን ግን ሕይወት ያለው ነገር ስላልሆነ በማፍላት አይጠፋም። ኬዚን ከተባለው የወተት ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅም፣ ወደ ቅቤ የሚገባው ጥቂት ሲሆን በአይብ ውስጥ ግን ክምችቱ ከወተቱ ይልቅ ከፍ ሊል ይችላል።

ስለዚህ ለብቻው የሚደረግ ምርመራ ያስፈልጋል። ፋብሪካ በር ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ የመመርመሪያ ወረቀት ወተቱን ለመለየት ይረዳል፤ ትክክለኛውን መጠን የሚወስኑት ግን በቤተ ሙከራ የሚሠሩት ኤላይዛና የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ የተባሉት የመለኪያ ዘዴዎች ናቸው። ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የፈቀደው ጣሪያ በአንድ ኪሎ ግራም ወተት 0.5 ማይክሮግራም ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት ከዚህ በአሥር እጥፍ ያነሰ፣ ማለትም 0.05 ማይክሮግራም ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ ከ0.05 ያልበለጠ መጠን የተገኘው በ9ኙ ብቻ መሆኑን፣ 29ኙ ደግሞ ከ0.5 ማይክሮግራም በሊትር ማለፋቸውን አሳይቷል። በጥናቱ ዋነኛ የብክለት ምንጭ ሆኖ የተገኘው ብዙ የወተት አርቢዎች የሚመኩበት የኑግ ፋጉሎ ነበር። በእኔ እምነት ከወተቱ ምርመራ እኩል፣ እንዲያውም አስቀድሞ፣ የመኖው ምርመራ መጠናከር አለበት፤ ምክንያቱም የተመረዘ ወተት ሲደፋ ኪሳራው በአርቢው ላይ ሲወድቅ፣ የሻገተውን ፋጉሎ የሸጠው ግን አይጠየቅም። የተበከለው መኖ ከላሟ ፊት ሲነሳ በወተቷ ውስጥ ያለው መርዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀነሰ ሊለካ ከማይችልበት ደረጃ ይደርሳል።