«ላውድነስ» የሚለው ቁልፍ ምን ይሠራል?

በብዙ አሮጌ አምፕሊፋየሮች ላይ «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ አለ። ስሙ ድምፅ ለማጉላት የተሠራ ያስመስለዋል፤ እውነተኛ ሥራው ግን ድምፁ ሲቀነስ የሚጠፋብንን ጎርናና ድምፅ (ቤዝ) መመለስ ነው።

ጥፋቱ የስፒከሩ ሳይሆን የጆሯችን ነው። በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪዎች ተመራማሪዎች የነበሩት ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. ባወጡት ልኬት እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ባለ ቁጥር ጆሯችን ለቤዝ ይበልጥ ይደነዝዛል። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ሙዚቃ በቀስታ ስንከፍት ክራሩ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ቤዝ ጊታሩ ግን የት እንደገባ አይታወቅም። ቁልፉን ያኔ ይጫኑት። ድምፁን ከፍ ሲያደርጉ ያጥፉት፤ አለበለዚያ ቤዙ ዘፋኙን ይውጠዋል። (እኔ ለዓመታት ሳላጠፋው ምስኪኑን ስፒከሬን ስወቅስ ኖሬአለሁ።)

ሱቅ ውስጥ ሁለት ስፒከሮች ሲያወዳድሩም መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል ያድርጉ፤ በጥቂት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ከፍ ያለው የተሻለ መስሎ ያታልላል።