የጭነት ሸራ በመርካቶ፦ ከኩንታል እስከ ጀልባ

የጭነት ሸራ መኪና ላይ የተጫነ ዕቃ ዝናብ፣ አቧራና ፀሐይ እንዳያገኘው የሚለብሰው ወፍራም ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሸራ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው መርካቶ ነው። ስለ ሥራው ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ እዚህ ከሰፈረው አብዛኛው ሸራ ሰፊ ከነበረው አጎቴ የሰማሁትና ልጅ ሆኜ ከሱቁ ደጃፍ ያየሁት ነው።

አዲስ አበባ ራሷ በድንኳን የጀመረች ከተማ ናት። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ከተማዋ ሲገባ የጅቡቲ ዕቃ ለገሐር መራገፍ ጀመረ። ገበያው ያኔ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ ጣሊያኖች ያገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት። ዛሬ መርካቶ የምንለው ሠፈር የደራው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከጣሊያን ጋር መንገድና ከባድ መኪና መጣ። የድሮ ሹፌሮች ትሬንታ ኳትሮ የሚሉትን የፊያት ጭነት መኪና ሲያነሱ ዛሬም ድምፃቸው ይለወጣል። በኋላ ደግሞ ፊያት ኤን ትሬ ከነተሳቢው መጣ። ጎማና ፍሬን የሚሉት ቃላት ሳይቀሩ የጣሊያን ናቸው። የእነዚያ መኪኖች ጭነት ከላይ ክፍት ነው። ስፖንዳው ጎኑን ይይዛል፤ ሰማዩን የሚይዘው ሸራው ነው። ሸራ ሰፊው እንጀራ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

አጎቴ ከሁሉ አብዝቶ የሚያወራው ስለ አሰብ ዘመን ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ ዋና ወደብ አሰብ ነበር። መኪናው ከባሕር ጠለል ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት አዲስ አበባ ይደርሳል። አንድ ጭነት በአንድ ጉዞ የሚያቃጥል ፀሐይም፣ የአሸዋ ንፋስም፣ የሐምሌ ዝናብም ይቀምሳል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የእርዳታ ስንዴ ብዙው የገባው በአሰብ ነው። አጎቴ እንደሚለው ያን ጊዜ ሲንጀሩ ሌሊትም አያርፍም ነበር። ቀን የተሰፋው ሸራ ማታ ይጫናል። ረዳቶች ተራ ሲጠብቁ ሸራው ላይ ይተኛሉ። “ያቺ ስንዴ ሳትረጥብ የገባችው በመርካቶ ክር ነው” ይላል። ትንሽ ማጋነን አለበት። ግን ማን ይከራከረዋል?

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ወደቡ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ ኮንቴይነር በዛ፣ የሞጆ ደረቅ ወደብ ተከፈተ፣ በ2009 ዓ.ም. አዲሱ ባቡር ተመረቀ። ኮንቴይነር ሸራ አይፈልግም። ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ሲሚንቶና ጨው ግን ዛሬም ይፈልጋሉ።

አሠራሩን በዝርዝር ልናገር። ጨርቁ መሬት ላይ ይዘረጋና በክንድ ሳይሆን በሜትር ይለካል። ጠርዙ ሁለቴ ይታጠፋል። በእጥፋቱ ውስጥ ገመድ ይገባል፤ ሸራው ሲወጠር ጉልበቱን የሚሸከመው ይህ ገመድ ነው። በየክንዱ የናስ ቀለበት ይመታበታል። ቀለበቱ ከሥሩ ድርብ ጨርቅ ከሌለው በመጀመሪያው ጉዞ ተቦጭቆ ይወጣል። ርካሽ ሸራ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለበቱን ገልበጥ አድርጎ ማየት ይበቃል።

የጥጥ ሸራ ሲረጥብ ክሩ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል። አየር ስለሚያስተላልፍ እህል አያሻግትም። ግን ይከብዳል፤ እርጥቡን ከታጠፈ ደግሞ ይበሰብሳል። በፕላስቲክ የተለበጠው ውሃ ጨርሶ አያስገባም፤ አየርም አያስወጣም። ሰማያዊው ቀጭን ላስቲክ ሸራ ዋጋው ደህና ነው። ፀሐይ ግን ቶሎ ያደርቀውና እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። ይህንን ሦስተኛውን አጎቴ ሸራ ብሎ አይጠራውም።

ሁለት ሸራ ሲለብስ የኋላው ይቀድማል፣ የፊቱ በላዩ ላይ ይደረባል። ልክ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ተገልብጦ ከለበሰ ንፋሱ በመጋጠሚያው ይገባና ሸራውን እንደ ፊኛ ይነፋዋል። “ከኋላ ጀምር” የሚለው የአጎቴ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ጀልባ ወደዚህ ታሪክ የገባችው ዘግይታ ነው። ከመሐል አዲስ አበባ ተጎትተው ወደ ባቦጋያ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ጫሞና ጣና የሚሄዱ ትንንሽ የፋይበር ጀልባዎች አሉ። እንደ ጣናነሽ ሁለት ያለችው ግዙፍ ጀልባ፣ ከጅቡቲ እስከ ባሕር ዳር ከተማ በየብስ የተጓዘችው፣ የተለየ ነገር ናት። እዚህ የምናገረው በፒክ አፕ ስለሚጎተቱት ነው። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፦ ረጅም መንገድ ስትሄድ ትልበስ ወይስ ራቁቷን ትሂድ?

ትልበስ የሚሉት ምክንያት አላቸው። አቧራው ወንበሩና መሪው ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ከፊት ያለ ሲኖትራክ ጠጠር ይወረውራል። ውስጥ ያለ ትራስ ወይም የነፍስ አድን ጃኬት በሮ ከኋላ ያለ መኪና መስታወት ላይ ሊያርፍ ይችላል። አትልበስ የሚሉትም አልተሳሳቱም። የንፋስ ጉልበት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ፀጥ ያለ ሸራ የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ሲወጣ ይርገበገባል። ከሥሩ አቧራ ካለ ደግሞ እየፈተገ የጀልባዋን ወዝ ይጨርሰዋል።

ይህንን በራሳችን ሱቅ አይተነዋል። አንድ የሐይቅ ዳር ሎጅ ልኩን በስልክ ነገረን። እኛም እንደ መኪና ሸራ አራት ማዕዘን አድርገን ሰፋን፤ በገመድ ጠፍረው ሄዱ። ሲደርሱ የላኩት ፎቶ ላይ የጀልባዋ ጎን በብርጭቆ ወረቀት የታሸ ይመስላል። ጥፋቱ የኛ ነበር። ልክ በስልክ መስጠታቸው ግን እነሱንም ነፃ አያወጣም።

ከዚያ ወዲህ የቤታችን ደንብ ተለወጠ። ጀልባዋ ራሷ ሱቁ ደጃፍ ካልመጣች አይሰፋም። የመርካቶን መንገድ ለሚያውቅ ይህ ቀላል አይደለም፤ እሁድ ጠዋት ብቻ ነው የሚሆነው። ሸራው በጀልባዋ ቅርጽ ይቆረጣል። የንፋስ መስታወቱ ጫፍና ሹል ብረት የሚያገኘው ቦታ ላይ ድርብ ጨርቅ ይገባል፤ ከውስጥ ደግሞ አሮጌ ፎጣ። መሐሉን የሚያነሳ ቋሚ እንጨት ይቆማል፤ አለዚያ ዝናብ ያቁርበትና በክብደቱ ይቀደዳል። ማሰሪያው በጀልባዋ ሆድ ሥር ይዞራል። ለስላሳ ጠፍር መሆን አለበት፤ የብረት ዘለበት ጎኗን መንካት የለበትም። መኪና ላይ የለመድነው የከመነዳሪ ጎማ እዚህ አይሠራም፤ ይለጠጣልና ሸራውን ያላላዋል።

እንዲህ የተሰፋ ሸራ ካለ፣ በእኔ አስተያየት ይልበስ። ከሌለ ራቁቷን ትሂድ፤ ውስጧ ያለው ዕቃ ግን ሁሉም ይውጣ። የላላ ሸራ ከምንም ይከፋል። ራቁቷን ስትሄድ ከታች ያለው የውሃ መውጫ ቡሽ ይነቀል፤ የዘነበው እየወረደ ይሄዳል። ሐይቅ ከመግባቷ በፊት ቡሹን መመለስ የረሳ ሰው ግን ራሱን ይውቀስ።

ከተነሱ በኋላ መጀመሪያ የሚቆመው ሩቅ አይደለም። ወደ ደቡብ የሚሄድ ቃሊቲን እንዳለፈ ወርዶ ማሰሪያውን ማየት አለበት። ጠፍር በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ይላላልና። ወደ ጣና የሚሄድ የዓባይን በረሃ ከመውረዱ በፊት ጎሃ ጽዮን ላይ ይፈትሽ። ቁልቁለቱ ላይ መቆሚያ እንደ ልብ አይገኝም።

ሲደርሱ ሸራው ወዲያው ይነሳል። ሥሩ የታፈነ እርጥበት በሁለት ቀን ወንበሩን ያሻግተዋል። ከታጠፈም ደርቆ ይታጠፍ።

ያረጀ ሸራ መርካቶ ውስጥ አይጣልም። ከተሳቢ ወርዶ የአይሱዙ ይሆናል። ከአይሱዙ ወርዶ የእድር ድንኳን መጣፊያ ይሆናል። የአጎቴ የመጨረሻው የጥጥ ሸራ አሁን ያለው አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ራስ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ቀለበቶቹን እየቆጠረ ያልፋል፤ እስካሁን አንድም አልጎደለም።