የትልቁ አንጀት ፖሊፕ፦ ምርመራውና አወጣጡ

ፖሊፕ ከትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን ላይ የሚበቅል እባጭ ነው። አንዳንዱ እንደ እንጉዳይ በዘንግ ይቆማል፤ አንዳንዱ ጠፍጣፋ ነው፣ ከዓይን የሚያመልጠውም ይኸኛው ነው። አብዛኛው ፖሊፕ ካንሰር አይሆንም። አብዛኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር ግን ከፖሊፕ፣ በተለይ አዴኖማ ከሚባለው ዓይነት ይነሣል፤ ለዚህም ብዙውን ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ፖሊፕም ካንሰርም ሊደማ ስለሚችል፣ በዓይነ ምድር ላይ ደም ሲታይ «ኪንታሮት ነው» ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው።

ድሮ ከፊንጢጣ ርቆ ያለ ፖሊፕ የሚወጣው ሆድ ተከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ኒው ዮርክ በሚገኘው ቤዝ እስራኤል ሆስፒታል ሐኪሞቹ ሂሮሚ ሺንያና ዊልያም ዎልፍ የሽቦ ሸምቀቆ በኮሎኖስኮፕ (በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁን አንጀት ከውስጥ በሚያሳይ ተጣጣፊ ቱቦ) አሳልፈው ፖሊፕ ቆረጡ።

በዚህ መሣሪያ የሚደረገው ምርመራ (ኮሎኖስኮፒ) በአብዛኛው የሚበላሸው በዝግጅቱ ነው። ተልባ፣ ሰሊጥና ቆሎ የመሣሪያውን መምጠጫ ስለሚደፍኑ ከ2 እስከ 3 ቀን አስቀድሞ ይቀራሉ። ዓይነ ምድርን የሚያጠቁረው የብረት ክኒን ከ5 እስከ 7 ቀን ሲቀረው ይቆማል። የአንጀት ማጠቢያው ግማሹ በዋዜማው ማታ፣ ግማሹ ምርመራው ሊጀመር ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲቀረው ይጠጣል። ሁሉንም በዋዜማው የጨረሰ ሰው የትልቁ አንጀቱ ቀኝ ክፍል ሌሊቱን መልሶ ይቆሽሻል። የሚወጣው እንደ ሽንት ቢጫና ጥርት ያለ ከሆነ በቂ ነው። ደም ማቅጠኛና የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ምንም አያቋርጥ።

ሐኪሙ መሣሪያውን እስከ ትርፍ አንጀት አፍ ያደርስና በጥንቃቄ የሚያየው ሲመለስ ነው፤ ፖሊፕ ባይገኝ እንኳ ቢያንስ 6 ደቂቃ ይፈጃል። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ያለው ያለ ኤሌክትሪክ በሸምቀቆ፣ ከዙሪያው ጤናማ ሽፋን ጥቂት ተጨምሮ ይቆረጣል። ሰፊና ጠፍጣፋው ከሥሩ ፈሳሽ ተወግቶ ከፍ ይደረጋል። ፈሳሹ ገብቶ መሐሉ አልነሣ ካለ ካንሰር ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ ናሙና የተወሰደበት ጠባሳም እንዲሁ ያስቸግራል። በኤሌክትሪክ ከተቆረጠ ደም እስከ 2 ሳምንት ዘግይቶ ሊፈስ ይችላል። የሚብስ የሆድ ሕመም፣ መነፋትና ትኩሳት ግን አንጀት መበሳቱን ሊያመለክት ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ያስኬዳል።

ካንሰሩ ከዘለቀ ቀዶ ሕክምና፣ እንደ ደረጃውም ኬሞቴራፒ ይከተላል።

አሜሪካ የመጀመሪያ ምርመራ ዕድሜን እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 ዝቅ አድርጋለች። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአውሮፓ ጥናት በ10 ዓመት ውስጥ ለኮሎኖስኮፒ በተጋበዙት ዘንድ ካንሰር 18 በመቶ ብቻ መቀነሱን፣ በሞት ላይ ግልጽ ልዩነት አለመታየቱን አሳይቶ አከራክሯል፤ ከተጋበዙት ግን የተመረመሩት 42 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከምርመራው በኋላ የሚሰጠው ወረቀት የፖሊፑን ብዛት፣ መጠንና የአንጀቱን ንጽሕና ይይዛል። ቀጣዩ ቀጠሮ ከ3 ዓመት በኋላ ይሁን ከ10 የሚወሰነው በዚሁ ወረቀትና በፓቶሎጂ (የተቆረጠው ፖሊፕ በላቦራቶሪ ሲመረመር በሚገኘው) ውጤት ስለሆነ ሁለቱም አብረው ይቀመጡ።