ፕሮፖዛሉ ጸደቀ ማለት ብሩ ተለቀቀ ማለት አይደለም

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ መምህር «የምርምር ፕሮፖዛሌ ጸደቀ» ሲል ብሩ ኪሱ የገባ የሚመስለው ብዙ ነው። አልገባም። የጸደቀው ሐሳቡና የበጀት ጣሪያው ነው።

ፕሮፖዛሉን ትምህርት ክፍሉ ያየዋል፤ ገምጋሚዎች ነጥብ ይሰጡታል። ጥናቱ ሰውን የሚመለከት ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጨመራል። ከዚያ ውል ይፈረማል። ብሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚለቀቀው በዙር ነው።

ዋናው ራስ ምታት «ማወራረድ» የሚሉት ነገር ነው፤ የወሰዱትን ብር ምን ላይ እንዳዋሉት በሰነድ ማሳየት ማለት ነው። የመጀመሪያው ዙር ብር በተመራማሪው ስም እንደ ዕዳ ተመዝግቦ ይቆያል። በሰነድ ካልተወራረደ ሁለተኛው አይለቀቅም። ለመረጃ ሰብሳቢዎች አበል ከከፈሉ ስም፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ቅጽ ይዘው ይመለሱ። ከጉልት ለናሙና የገዙት ጤፍስ? የጉልት ነጋዴ ደረሰኝ አትቆርጥም። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት ፋይናንስ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚቀበል ይጠይቁ።

ደግሞ ሰኔ 30 አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ያን ቀን ይዘጋል። ብሩ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ከደረሰዎ ሥራ ላይ አውለው ለማወራረድ የቀረዎት ሁለት ወር ተኩል ብቻ ነው። የመኸር ሰብል ለሚያጠናማ ቀልድ ነው፤ አብዛኛው ሰብል ገና አልተዘራም!